የደምለው ቀኝ ገጽ

ልብስ ሰፊው ያርጋል በደምለው ላይ መቅናት የጀመረበትን ቀን አልረሳውም። ደምለው በዚያ ቀን ክፉ ነገር አልተናገረም፤ እንዲያውም አፉን የከፈተው ሊያመሰግን ነበር።

ቀኑ የማኅበራቸው ተራ ያርጋል ቤት የደረሰበት እሑድ ነበር። ማኅበር ሲባል የጻድቅ ወይም የሰማዕት ማኅበር አይደለም። ደባርቅ ውስጥ ቴምብር፣ የድሮ ገንዘብና የክብሪት ሽፋን የሚሰበስቡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሲተዋወቁ ሌላ የመሰባሰቢያ ሥርዓት ስለማያውቁ የአባቶቻቸውን የጽዋ ማኅበር ሥርዓት እንዳለ ወሰዱት። በየወሩ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ባለ ተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ጽዋው ለሚቀጥለው ባለ ተራ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የእነሱም አጉሊ መነጽር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ጠገራ ብርና የድሮ ሳንቲም የሚሰበስቡት መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ነበሩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፋንታዬ የክብሪት ሽፋን ትሰበስባለች። ያርጋል ደግሞ ቴምብር። ደምለው ከዳባት ተዛውሮ ፖስታ ቤት እስኪገባ ድረስ፣ ደባርቅ ውስጥ ቴምብር ሲነሣ አብሮ የሚነሣው የያርጋል ስም ብቻ ነበር።

በዚያ እሑድ ደምለው የያርጋልን ደብተር በሁለት እጁ ተቀብሎ ገጽ በገጽ እየገለጠ አየ።

«ጋሼ ያርጋል፣ አቀማመጡ እንዴት ያምራል!» አለ። ቀጥሎ አንዷን ቴምብር በመነጽሩ ተመለከተና፣ «ግን ጥርሳቸው የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

ያርጋል ጠርዙ የተተረተረ ነገር ማየት አይወድም። የቴምብር ዙሪያ ጥርስ ጥርስ መሆኑ ለእሱ ያልተቀመቀመ ልብስ ነው። ስለዚህ ከፖስታ ላይ በውኃ እያራሰ ያላቀቀውን ቴምብር ሁሉ፣ ከመለጠፉ በፊት በትንሿ መቀሱ ዙሪያውን ቀጥ አድርጎ ይከረክመው ነበር።

«ከረከምኳቸዋ!» አለ። «እንደዚያ ተዝረክርከው ይለጠፉ?»

«አይ፣ እንዲያው... ጥርሱ ከሄደ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው አብሮ ይሄዳል ይላሉ። እኔም አንብቤ ነው እንጂ...» ደምለው የተናገረው እንዳስከፋ ገባውና ድምፁ እየወረደ ሄደ።

ፋንታዬ ግን አላሳለፈችውም። «ወይ ጉዴ! የያርጋል ቴምብሮች በድዳቸው ቀሩ በለኛ!» ብላ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። መሪጌታም በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ያርጋልም አብሮ ሳቀ። እንግዶቹን ሸኝቶ ተመልሶ ደብተሩን ሲገልጠው ግን፣ በስንት ልፋት በመስመር የደረደራቸው ቴምብሮች የሽማግሌ አፍ መስለው ታዩት።

ይህ መጀመሪያው ነበር። የባሰው በወሩ መጣ።

ተራው የደምለው ሆነና ሁሉም ቤቱ ተሰበሰቡ። ደምለው አንድ ትልቅ ደብተር አውጥቶ መካከሉ ላይ ገለጠ። በግራው ገጽ ወፎች ነበሩ፤ አሞራው፣ ቁራው፣ እርግቡ፣ እያንዳንዱ ከነላባው ቀለም። በቀኙ ገጽ ግን ንጉሡ ነበሩ። በወጣትነታቸው፣ በሽምግልናቸው፣ ዘውድ ደፍተው፣ በፈረስ ላይ ሆነው፤ ከላይ እስከ ታች ገጹን ሞልተውታል። አንድም አልጎደለም፤ አንድም ጥርሱ አልረገፈም።

ፋንታዬ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች። የንጉሥ ፎቶግራፍ ተገኘበት ተብሎ ሰው የሚታሠርበት ጊዜ ትንሽ ቢበርድም ጨርሶ አላለፈም ነበር።

«ይህን ሁሉ ዘመን የት አስቀመጥከው ልጄ?» አሉ መሪጌታ፣ በሹክሹክታ።

«ዳባት፣ አባቴ ቤት፣ ባዶ ቀፎ ውስጥ» አለ ደምለው። «ፈታሾቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። ንብ ይኖርበታል ብለው አልነኩትም።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ገጹን አሸተቱትና፣ «እውነትም ሰም ሰም ይላል» አሉ።

ያርጋል አላሸተተም። እነዚህ ቴምብሮች የእሱም ነበሩ። አንድ ሳይቀር ሁሉም ነበሩት። የቤት ለቤት አሰሳ ተጀመረ የተባለ ቀን፣ ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ፣ አንድ በአንድ ከደብተሩ እየላጠ በከሰል ካውያው ሆድ ውስጥ ጨመራቸው። ወረቀቱ ቦግ እያለ ጠፋ። ካውያው ግሎ ስለ ነበር ቀኑን በከንቱ ላለማሳለፍ የተሰጠውን ሥራ ተኮሰበት፤ ሥራውም የቀበሌው ሊቀመንበር የጓድ ክንዴ ካኪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ውስጥ አንድ ገጽ ባዶውን ቀርቷል። ሌላ ነገር ሊለጥፍበት ብዙ ጊዜ አስቦ እጁ እምቢ አለው።

ለማንም አልተናገረም ነበር። «ሁሉም ሰው አቃጥሏል» እያለ ራሱን ሲያጽናና ኖረ። አሁን ግን ያላቃጠለ ሰው ፊቱ ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል።

ቤቱ ሲመለስ ያየውን ለሚስቱ ለታንጉት ነገራት። እንድታዝንለት ነበር። እሷ ግን፣ «ወይ ወንድ!» አለች፤ «አንጀቱ እንዴት ቻለ?»

ያርጋል እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

*

ክረምቱ እየወጣ ሳለ፣ ፋንታዬ ቤት በተሰበሰቡበት እሑድ፣ ደምለው አዲስ ሐሳብ አመጣ። ቀበሌው ለአብዮት በዓል ሰሞን በአዳራሹ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። የማኅበሩ ስብስብ በበዓሉ ማግስት ባለው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ለሕዝብ ይታይ አለ።

«ለማን ነው የምንሰበስበው?» አለ። «እናንተ የእኔን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔም የእናንተን። የፋንታዬን የክብሪት አንበሳ ዓይኔን ጨፍኜ ከየትኛው ገጽ እንደ ተኛ እነግራችኋለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ይየው። ከቡይት ራስ ገብስ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ፣ በራሱ ላይ ሲያንዣብብበት የሚውለው አሞራ በወረቀት ታትሞ አገር ሲዞር ይየው።»

«በቅቤ እጁ ይዳብሰዋል» አለ ያርጋል። «አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ጣቱን በምራቁ አርሶ አንዷን ለጥፎ ይዞ ይሄዳል። ዓይንም አለ። የሰው ዓይን የበዛበት ነገር አይበረክትም።»

«ዓይን ወረቀት ይበላል እንዴ?» አለች ፋንታዬ። «አንተስ ሱሪ የምትሰፋው ባለቤቱ ቤቱን ዘግቶ ለብቻው እንዲለብሰው ነው?»

«ሱሪ ሌላ፣ ይህ ሌላ።»

«ምኑ ነው ሌላው? አየህ፣ መልስ የለህም!»

ያርጋል መልስ ነበረው፤ ግን የሚነገር መልስ አልነበረም። በሦስት ሰው ፊት ሁለተኛ መሆን ይቻላል። ሦስት ሰው አፉን ይይዛል፤ ቀኑ ሲያልፍም ይረሳል። በገበያ ሰው ሁሉ ፊት ሁለተኛ መሆን ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ሁሉ እየተለካ፣ «ያ የፖስታ ቤቱ ልጅ ያለው ነገር!» ሲል ሊሰማ ነው። ታንጉትም በዓይኗ ልታይ ነው።

«ቀበሌስ?» አለ በመጨረሻ። «ቀኝ ገጹን ጓድ ክንዴ ቢያየው?»

ይህ የምር ነገር ነበር።

«ቅጠሉን ገንጥለን እቤት እናስቀምጠዋ» አለች ፋንታዬ።

ደምለው ራሱን ነቀነቀ። «እሱን ተዪኝ እቴ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳልገነጥለው ቆይቼ ዛሬ አልገነጥለውም። ደግሞ ጀርባው ላይ አበቦቹ አሉ።»

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ጭራቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛወዙ፤ ሊናገሩ ሲሉ እንደዚህ ያደርጋሉ።

«ቤተ ክርስቲያን ሥዕሏን ትጋርዳለች» አሉ ቀስ ብለው። «በበዓሉ ቀን ደግሞ መጋረጃውን ትገልጣለች። ሁልጊዜ የሚሸፈን ቢሆን ሠዓሊው ለምን ይደክማል? ሁልጊዜ የሚገለጥ ቢሆን ደግሞ ዓይን ይለምደውና ማየት ይተዋል። እኛ ጋርደን የኖርነው ይበቃናል፤ አንድ ቀን እንግለጥ። የማይገለጠውን ያንን አንዱን ገጽ ደግሞ በጨርቅ እናለብሰዋለን። ሰፊ አለን፤ ምን ቸገረን?»

ሦስቱም ወደ ያርጋል ዞሩ።

«እኔ ይከፈት አላልኩም» አለ ያርጋል።

«አላልክም፤ ግን ማኅበሩ ብሏል» አሉ መሪጌታ። «ሥራው ያንተ ነው።»

ደምለው ደብተሩን በነጠላ ጠቅልሎ አስረከበው። «ካንተ በቀር ለማንም አልሰጠውም ነበር፣ ጋሼ ያርጋል» አለው።

*

ደብተሩ ያርጋል ሱቅ ውስጥ፣ በስፌት መኪናው አጠገብ፣ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ያርጋል ሱሪ እየሰፋ፣ እጅጌ እያሳጠረ፣ በዓይኑ ጥግ ያየዋል። ሊያበላሸው አልፈለገም፤ እጁ በሕይወቱ የሰው ዕቃ አበላሽቶ አያውቅም። እንዲያው መኖሩ ብቻ ነበር የሚያንገበግበው። ሰም ሰም የሚለው ሽታ እስከ ልብሶቹ ድረስ የገባ ይመስለው ነበር።

በመጨረሻ አቡጀዲ ቆርጦ ተቀመጠ። ጨርቁን እንደ ትራስ ልብስ አጥፎ ገጹን ከፊትና ከኋላ አለበሰው፤ ወረቀቱን ሳይወጋ ጠርዝ ጠርዙን በአንድ ረጅም ክር ሰፋው። ስፌቱ እንደ ልማዱ ቀጥ ያለ ነበር። ከግርጌው ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ታንጉት ምሳ ይዛ ገባች። ሳትጠይቅ በጣቷ የጨርቁን አፍ ከፈት አድርጋ አጮለቀች።

«እኔን!» አለች። «ይኸው የፈረሱ ሁሉ አለ። ያንተም እንዲህ ነበር አይደል? እንዴት ያለ ደፋር ሰው ነው በእናትህ!»

ምሳውን አስቀምጣ ወጣች። ምንም ክፋት በልቧ አልነበረም፤ ያርጋልም ያውቃል። ፊት ለፊት ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የቀረችውን ጥቂት ስፌት ጨረሰ። ከዚያ ክሩን መቋጠር ሲገባው በመቀሱ ቆረጠው። የክሩ ጫፍ ከጨርቁ ግርጌ ለቀቅ ብሎ ወጣ። ያርጋል አየው። እህል ጭኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የከረጢት አፍ እንዴት እንደሚሰፋ ያውቃል፤ ጫፉን ካልቋጠሩት አንዴ ሲስቡት ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል። ይህኛውም እንደዚያው ነበር።

«በኋላ እቋጥረዋለሁ» አለ ለራሱ። ደብተሩን በነጠላው ጠቀለለው፤ ምሳውንም በላ። በኋላም አልቋጠረውም። ደምለው ሊወስድ ሲመጣ ስፌቱን በጣቱ ዳብሶ፣ «እጅህን ይባርከው» አለው። ያርጋል «አሜን» አለ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ከሊማሊሞ በኩል የሚነሣው ነፋስ የአዳራሹን ቆርቆሮ ያንገጫግጨዋል። ገበሬዎቹ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ይገባሉ። እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ገበያው ግማሹ አዳራሹ ውስጥ የተራገፈ ይመስላል። መሪጌታ ጠገራ ብራቸውን በቀይ ጨርቅ ላይ ደርድረው፣ «በዓይን ብቻ! በዓይን ብቻ!» ይላሉ። ፋንታዬ የክብሪት ሽፋኖቿን እያሳየች ከሴቶች ጋር ትሳሳቃለች። የያርጋል ጠረጴዛ ከወዲያኛው ጥግ ነበር። አዲስ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ፣ ታንጉትን ከጎኑ አቁሞ፣ ደብተሩን ገልጦ ጠበቀ።

ሰው ግን ወፎቹ ላይ ተከመረ።

«ይቺማ የእኛ ቁራ ናት!» አለ አንድ ከሳንቃ በር መንደር የመጣ ገበሬ። «አፍንጫዋን እዩት! ደብዳቤ ላይ ደግሞ ምን አወጣት?»

«እዚያ ያንተን ቆሎ ጨርሳ ነዋ!» አለው ጓደኛው፤ ሰዉም በሳቅ አወካ።

ያ ሳቅ ያርጋልን ወጋው። አንገቱን አስግጎ አየ። ደምለው ከሰው መካከል ቆሞ፣ ፊቱ በርቶ ይናገራል። ከግራው ገጽ ወፎቹ፣ ከቀኙ ነጩ አቡጀዲ ይታያል። ከአቡጀዲው ግርጌ ደግሞ ክሩ። ነፋሱ ከበሩ በገባ ቁጥር ክሩ ብድግ ይላል።

አንዲት ሴት ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለች። የነጠላዋ ዘርፍ ክሩን ያዘው። ቀና ስትል ክሩ አብሯት ተሳበ፤ ከጥግ ያለችው ስፌት ላላችና ጨርቁ እንደ ከንፈር ተከፈተ። ሴትዮዋ ሳታውቅ ነጠላዋን ነጥቃ ሄደች። ሌላ ማንም አላየም። ያርጋል ግን በተከፈተችው ቀዳዳ ውስጥ የፈረሱን እግር ከሩቅ ያየ መሰለው።

ያን ሁሉ ሰው እንዴት ሰንጥቆ እንዳለፈ አላወቀም። ብቻ ራሱን ከደምለው ጠረጴዛ አጠገብ አገኘው፤ መዳፉም ጨርቁ ላይ ነበር።

«ምነው ጋሼ ያርጋል?» አለ ደምለው።

«እዚህ እጅ ይበዛል» አለ ያርጋል። «እጠብቅልሃለሁ።»

መርፌ ኮቱ ክሳድ ላይ ነበረች። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት መስፋት ቢጀምር ግን ሰው «ምንድን ነው እሱ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ እጁን እንደ ጫነ ቆመ። ቆሞ ዋለ። አንዱ ሄዶ ሌላው ሲተካ፣ ደምለው ስለ አሞራው ሲናገር፣ ሰዉ ሲደነቅ፣ ያርጋል ሁሉንም ከአጠገቡ ይሰማል። ጆሮው ከዚህ፣ ዓይኑ ግን ከወዲያኛው ጥግ ነበር። እዚያ የራሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው እየተሰበሰበ ነው። የታንጉት እጅ ከፍ ዝቅ ሲል ያያል፤ ጣቷ የሆነ ገጽ ላይ ያርፋል፤ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አንገታቸውን ይሰብራሉ። ሳቅ ይሰማል። ምን ተብሎ ይሆን? ስለ ቴምብሮቹ ጥርስ ይሆን?

«ሂድ እንጂ ወደ ቦታህ፤ ሰው እኮ ሞልቶልሃል» አለው ደምለው።

«ይሁን» አለ ያርጋል፤ ጥርሱን ነክሶ።

ገበያው ሊፈታ ሲል በሩ ላይ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ጓድ ክንዴ አንድ የጎንደር እንግዳ አስከትሎ ገባ። ክንዴ ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት በሳንቃ በርና በጨነቅ መንገድ እህል በበቅሎ ይጭን የነበረ ሰው ነው። ካኪው አርጅቶ ጉልበቱ ላይ ነጥቷል። ያርጋል ካኪውን ባየ ጊዜ የካውያው ሽታ አፍንጫው ውስጥ መጣ።

«ይኸው እንግዲህ ወፎቻችን!» አለ ክንዴ ለእንግዳው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ቀኝ ሄደ። «ከዚህ ጨርቅ ሥር ምን አለ?»

ደምለው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ። ያርጋል ያንን ፊት ከደባርቅ ሰው ሁሉ ይልቅ ያውቀዋል፤ ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ በካውያው ፊት በተንበረከከ ቀን የራሱ ፊት እንደዚያ ነበር።

«ባዶ ገጽ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ያርጋል።

«ባዶ ገጽ ልብስ ይለብሳል?»

«ቴምብር ነበረበት፤ አሁን የለም። ባዶውን ሕዝብ እንዳያይብን ብለን ነው።»

ሲናገር ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። በዓይኑ የሚታየው የራሱ ደብተር፣ የራሱ ባዶ ገጽ ነበርና።

ክንዴ ሳቀ። ሲስቅ ግን ዓይኑ ከያርጋል ጣቶች መካከል ተንጠልጥሎ የወጣውን ክር አየ። እጁ ለራሱም ሳይነግረው ሄደ፤ ዕድሜውን ሙሉ የከረጢት አፍ ሲፈታ የኖረ እጅ ነው። ጫፉን በሁለት ጣቱ ያዘ።

ያርጋል የሊቀመንበሩን አንጓ ጭብጥ አደረገ።

ቆርቆሮው ብቻ ይንገጫገጫል። በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አስተካከለ።

«ይተዉት፣ ጓድ» አለ ያርጋል። «የእኔ ሥራ ነው። አልቋጠርኩትም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቢተረተር፣ ነገ አገሩ ሁሉ ሱሪውን ተሸክሞ ይመጣብኛል።»

ከኋላ አንዱ፣ «እኔ አሁኑኑ እሄዳለሁ!» ብሎ ሱሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክንዴም ሳቀና ክሩን ለቀቀ።

«ይህን ካኪ የተኮስክልኝ አንተ አይደለህም እንዴ? እንዲያ ያለ አተኳኮስ ከዚያ ወዲህ አላየሁም» አለ። «በል፣ እዚሁ ጨርሰው። ልይህ።»

ያርጋል መርፌዋን ከክሳዱ ነቀለ። ሊቀመንበሩና እንግዳው ከላይ እያዩት፣ የላላውን ስፌት አጠበቀ፣ ጫፉን አዙሮ ቋጠረ፣ ደግሞ ቋጠረ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለ ክንዴ። ወደ ደምለው ዞሮም፣ «ባዶ ካለህ የአብዮቱን ቴምብር ለጥፍበት። እኔ ከምሰጥህ!» አለው።

«እሺ፣ ጓድ» አለ ደምለው።

*

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ደምለው መጥቶ የያርጋልን ትከሻ ሳመ። «ጋሼ ያርጋል፣ ዛሬ ነፍሴን ነው የያዝክልኝ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህ ሰው ማመስገን እንኳ ሲያውቅበት! ያርጋል አንገቱን ደፍቶ፣ «ምንም አይደል» አለና የራሱን ደብተር ብብቱ ውስጥ ከቶ ወጣ።

ከታንጉት ጋር አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ቤታቸው ሊደርሱ ሲሉ፣ «አንተ ክር ሳትቋጥር ሰፍተህ ታውቃለህ?» አለችው።

ያርጋል ደብተሩን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ። እሷም አልደገመችም። ጥቂት ሄዳ ግን ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ፣ «ያንተን እንዴት እንዳዩልህ ልንገርህ?» አለች።

«ንገሪኛ።»

«ሴቶቹ እንደ ጥለት አማረ አሉ። አንዲት ሙሽራ የቀሚሷን ጠርዝ እንደዚያ ቀጥ አድርገህ እንድትሠራላት ትመጣለች። ስለ ጥርስ የጠየቀ የለም። አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወጥተው ተመለሱ። ሲመለሱ አንድ ገጽ ላይ ቆመው ቀሩ።»

«የትኛው ገጽ?»

«እኔንጃ፤ ሰው ሲያዋክበኝ።»

«አስታውሺ እንጂ! የመርከቡ ነው? የአበቦቹ?»

«ያርጋል ሙት አላስተዋልኩም።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ምንም አላሉ። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ።»

ያርጋል ቆመ። በዚያች ሰዓት በደምለው ላይ የነበረው ቅናት ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። ስማቸውን በማያውቃቸው፣ ምርኩዝ በያዙ በእኒያ ሽማግሌ ላይ ቀና። ደብተሩን እንደ እንግዳ ከውጭ መጥተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እሳቸው ናቸው፤ እሱ የገዛ ሥራውን እንዲያ አድርጎ አይቶት አያውቅም። ታንጉትም አጠገባቸው ነበረች። እሱ ግን ከአዳራሹ ማዶ፣ መዳፉን በሰው ጨርቅ ላይ ጭኖ ውሎ ነበር።

በሚቀጥለው ወር መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ቤት ተሰበሰቡ። መሪጌታ ጭራቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛወዙና፣ «ለከርሞሳ? ይከፈት ወይስ እንደ ቀድሞው ለራሳችን እናድርገው?» ብለው ጠየቁ።

«ይከፈት» አለ ያርጋል፤ ከሁሉም ቀድሞ።

«ወይ ጉድ! ዓይኑስ?» አለች ፋንታዬ። «ቅቤውስ? ምራቁስ?»

«ይከፈት አልኩ። መጋረጃውንም እኔው እሰፋዋለሁ፤ በደንብ ቋጥሬ። በዕለቱ ግን ከጠረጴዛዬ የሚነቀንቀኝ የለም።» ወደ ደምለውም ሳይዞር፣ «ያንተን አንተው ጠብቅ» አለ።

ደምለው ሳቀና ዳቦውን ቆርሶ አቀበለው። ያርጋል ተቀበለ። ዳቦው ጥሩ ነበር፤ ደምለው የቆረሰው በመሆኑ ግን አሁንም ትንሽ ከነከነው። እያኘከ ስለ እኒያ ሽማግሌ አሰበ፤ ለከርሞም ይመጡ ይሆን፣ ከመጡስ ያችኑ ገጽ ፈልገው ያገኟት ይሆን፣ እያለ።